የአጎቴ ስድብና የእናቴ ጣሪያ

ኮቶ ሲላሲያህ፣ ፌብሯሪ 3

ለተከበሩ የእናቴ ወንድም፣ ለማማክ ባህሩም
ሰረምባን

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። ይህ ወረቀት ባሕር ተሻግሮ እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ሱቅዎ የደመቀ ሆኖ ያግኝዎ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴ «የወንድሜን ጉልበት ጠይቂልኝ» ብላለች፤ የእሷም ያማታልና።

ማማክ፣ ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገርዎ። ቤቱ ያፈሳል። በመካከለኛው ክፍል በኩል ዝናብ በመጣ ቁጥር ያስገባል። የአያቴን የሽመና ዕቃ ባለፈው አንድ ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ቦታ ቀየርኩት። እናቴ ራስጌዋ ድስት አስቀምጣ ነው የምትተኛው። ባለ ጭነት መኪናው ሐጂ ሙንቻክ በየሳምንቱ «ልጠይቃችሁ» እያለ ይመጣል። መጀመሪያ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፣ ቀጥሎ በመስኮት የሩዝ ማሳችንን ያያል። ማሳውን በመያዣ ከሰጠነው ጣሪያውን ቆርቆሮ ሊያለብስልን ነው። እርስዎ፣ የቤታችን ማማክ፣ ካልፈረሙ ማሳው እንደማይነካ ያውቃል። እኔም እንዳይፈርሙ ልለምንዎ ነው የጻፍኩት። በመያዣ ከሄደ ማሳ መቼ ሲመለስ አይተን እናውቃለን?

ሱቅዎን ካልጎዳ ለቆርቆሮ የሚሆን ቢልኩልን ደስ ይለናል። ካልሆነም ምርቃትዎ ይበቃኛል። በስልኬ የንግድ ገጽ ከፍቻለሁ። የሸመንኩትን ጨርቅ ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ፤ የፈለገ ሰው ካለበት ሆኖ ያየዋል፣ ይጽፍልኛል፣ ከእኔ ይገዛል። እስካሁን ሁለት መቶ አሥራ አራት ወዳጆች አፍርቻለሁ። እርስዎ ስልክ አልይዝም ስለሚሉ አንዱን ፎቶ ከነጽሑፉ አሳትሜ ልኬልዎታለሁ።

እጅዎን እስማለሁ።
የእህትዎ ልጅ ዴስሚራ


ሰረምባን፣ ፌብሯሪ 27

ለእህቴ ልጅ ለዴስሚራ

ወዐለይኪ ሰላም። አላህ ረጅም ዕድሜና ልቦና ይስጥሽ፤ ልቦናው ይቅደም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እኔ ደህና ነኝ። ደጄ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አይለየውም፣ ጫማ ማስቀመጫ ይጠፋል። ስለዚህ አሳጥራለሁ።

ሁለት መቶ አሥራ አራት ወዳጅ! እኔ በስልሳ ሰባት ዓመቴ ሦስት ወዳጅ አፍርቼ ሁለቱ ከድተውኛል። ለመሆኑ ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ስንቱ መጥቶ መሰላል ያዘልሽ? ስንቱ ድስቱን ከእናትሽ ራስጌ አንስቶ ውሃውን ደፋ? በእኛ ጊዜ ደጁ ላይ ቆሞ «እዩኝ፣ እዩኝ» የሚል ሰው ሲገኝ ዘመዶቹ ይዘው ያስገቡት ነበር። ዛሬ ነጋዴ ይባላል። እዚህ አገር ሰዉ ምግብ ሲቀርብለት አይበላም፣ ፎቶ ያነሳል። ሩዙ ይቀዘቅዛል፣ እሱ የማያውቀው ሰው ምን እንዳለው ለማየት ስልኩ ላይ ያፈጣል። በሌላ አገር የሞተች ድመት ፎቶ አይቶ ያለቅሳል፤ የጎረቤቱ ሬሳ ሲወጣ ግን «ማን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። አንቺ ደግሞ የአያትሽን ጨርቅ ለዚህ መንጋ ታሳያለሽ።

ያ የላክሽልኝ ፎቶ! ከሥሩ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው? «የማዕበል ጥለት።» አያትሽ ብትሰማ መወርወሪያውን በግንባርሽ ትልክልሽ ነበር። ማዕበል አይደለም፣ ዳክዬ ነው! ሲመሽ ከማሳ የሚመለሱ ዳክዬዎች፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው፣ አንገታቸውን ቆልመም አድርገው። ማዕበል የትም አይደርስም፤ ዳክዬ ቤቱ ይገባል። ይህን የማያውቅ ሰው ያንን ጨርቅ ቢለብስ ጨርቁ ሊያፍርበት ይገባል።

ወደ ማሳው ልምጣ። ደንባችን የእናት ቅርስ በመያዣ እንዲሰጥ የሚፈቅደው ለአራት ነገር ብቻ ነው። ሬሳ ሳይቀበር ቤት ውስጥ ሲቀር፣ የጎሳው ሹም ሳይሾም ሲቀር፣ የደረሰች ልጅ ባል ስታጣ፣ ታላቁ ቤት ሲያፈስ። ያንቺ ቤት አፍስሷል። ሦስተኛውንም ልጠቅስ እችል ነበር፣ ግን ዝም ብያለሁ። የስምምነቱን ወረቀት ፈርሜ ልኬልሻለሁ፤ ለሐጂው ስጪው። ከስልክ ጋር ስትዳረቂ ከመዋል ይሻልሻል።

አጎትሽ ባህሩም


ኮቶ ሲላሲያህ፣ ማርች 22

ለተከበሩ ማማክ ባህሩም

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎን አላህ ያብዛልኝ፤ ቁጣዎ በራሱ በዝቷልና ለእሱ አልጸልይም።

ወረቀቱ ደረሰኝ። የሩዝ ዕቃው ሥር ቀብሬዋለሁ። ሐጂ ሙንቻክ አላየውም፣ አያየውምም። ስለ ባል የተናገሩትንም አንብቤያለሁ፤ ገጹን የከፈትኩት ለዚያ አይደለም።

ለዳክዬዎቹ ግን እጅዎን ደግሜ ልሳም። ማማክ፣ አይቆጡኝ፤ ስድብዎን በእጅዎ ጽሑፍ እንዳለ ፎቶ አንስቼ ገጼ ላይ አወጣሁት። ስለ ማሳው የሚለውን ሸፍኜዋለሁ። ምን የሆነ ይመስልዎታል? አንዲት የፓዳንግ ሴትዮ «እኔንም አያቴ እንዲህ ትሰድበኝ ነበር፣ ናፈቀኝ» ብላ ሁለት ጨርቅ አዘዘች። ከማካሳር አንዲት ሙሽራ «ለሠርጌ ቤታቸው የሚገቡትን ዳክዬዎች እፈልጋለሁ» አለች። በሦስት ቀን አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰው ስድብዎን ወዶታል። «የተናደደው ማማክ» ብለው ስም አውጥተውልዎታል።

እርስዎ መንጋ ይበሏቸው። እኔ ግን ኤቴክ ሳዋኒን አስታውሳለሁ። ቡኪቲንጊ ገበያ ያለችው ነጋዴ፣ ሁለት ወር የለፋሁበትን ጨርቅ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «ይኸው ነው?» ትለኝ ነበር። ሌላ ገዢ ስለሌለኝ የሰጠችኝን ተቀብዬ አንገቴን ደፍቼ እወጣለሁ። ባለፈው ሳምንት እሷው ጻፈችልኝ፣ «ዴስሚራ የኔ ቆንጆ፣ ረስተሽኝ ነው?» ብላ። ያንን መልእክት አሥር ጊዜ ነው ያነበብኩት። የጎረቤታችን የኡፒክ የካሳቫ ጥብስም ድሮ ከመንገድ ማዶ አያልፍም ነበር፤ አሁን በአውቶቡስ ጃካርታ ይገባል። ኡፒክ ራሷ እንኳ ጃካርታን አይታ አታውቅም።

ስለዚህ ቆርቆሮ አይላኩልኝ። ጥለት ይላኩልኝ። ከአያቴ ሣጥን ያወጣኋቸውን የአምስት ናሙናዎች ስም የሚያውቅ ሰው መንደሩ ውስጥ ጠፋ። እናቴ ሽመና ላይ አልተቀመጠችም፤ «ባህሩም ግን ከእናቴ እግር ሥር ነው ያደገው» ትላለች። በእርሳስ ስያቸዋለሁ፣ ይዩልኝ።

ዴስሚራ


ሰረምባን፣ ኤፕሪል 25

ለዴስሚራ

ወዐለይኪ ሰላም። አላህ የተበተነውን ሁሉ ይሰብስብ፣ የዘመኑን ሰው አእምሮ ጨምሮ።

«ሳላስፈቅድዎ አወጣሁት» ትዪኛለሽ፣ ከዚያ እጄን ትስሚያለሽ። ጥሩ ንግድ ይዘሻል። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰው ሥራ ፈቶ አንድ ሽማግሌ ሲሳደብ ያነብባል! እነዚህ ሰዎች የሚጠርጉት ደጅ የላቸውም? ለማንኛውም ካወጣሽው አይቀር አስተካክለሽ አውጪው። ባለፈው «ቆልመም» የምትለዋ ቃል ላይ ቀለሜ ፈስሶ ነበር። አሁን በጥሩ ብዕር ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው የቀርከሃ ቡቃያ ነው። በልጅነቱ ይበላል፣ ሲያድግ ቤት ይሆናል፣ የማይጠቅምበት ጊዜ የለም። ገጽሽ ላይ እንደሚንጋጋው ሰው አይደለም። ሁለተኛው ሸርጣን ነው። ወደ ጎን እንጂ ወደ ፊት አይሄድም፤ ለባለሥልጣን ሠርግ ሽጪው፣ ይመቸዋል። ሦስተኛው ከሸንበቆ የሚጠለፈው የድስት ማስቀመጫ ቀለበት ነው። አንዱ ሸንበቆ ከወጣ ድስቱ ይደፋል። ዘመድ ማለት ነው፤ ይህንን ግን ለእነሱ አትንገሪያቸው፣ አይገባቸውም። አራተኛው የተሰነጠቀ ባቄላ። አምስተኛውን አበላሽተሽ ነው የሳልሽው። አያትሽ ከድሩ አራት ቆጥራ አምስተኛውን ትዘላለች፣ አንቺ ሦስት ቆጥረሽ ዘለልሽ። ሸምነሽው ከሆነ ፍቺው።

ከየት አወቁ ካልሽኝ፣ ወንድ ልጅ መሸመኛ አይነካም ስለተባለ ከሥሩ ቁጭ ብዬ የወደቀ መወርወሪያ አቀብላት ነበር። ስትቆጥር ድምፅዋ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ጠዋት ደረጃ ስጠርግ አብሬያት እቆጥራለሁ። ባለሱቅ ደረጃውን ራሱ ነው የሚጠርገው፣ ሠራተኛ አይታመንም። እዚህማ ሰዉ መደርደሪያ እያለ ጫማውን ደረጃ ላይ ወርውሮ ይገባል። ከብት መሆናቸውን በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌላቸዋለሁ።

ጣሪያው ምን ደረሰ? ሐጂው ወረቀቱን ወሰደ?

ባህሩም


ኮቶ ሲላሲያህ፣ ሜይ 30

ለተከበሩ ማማክ ባህሩም

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ባሉበት ይጠብቅዎ፣ የትም ይሁኑ።

የጣሪያው ግማሽ ተሸፍኗል። የቀረው እስከ ኦገስት ይደርሳል። የሸርጣኑን ጥለት ለሠርጋቸው የገዙ ባለሥልጣን ትርጉሙን አንብበው ስቀው ከፈሉ፤ እንዲህ ያለም አለ። አምስተኛውን ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። ልክ ነበሩ።

ዛሬ የምጠይቅዎ ስለ ጥለት አይደለም። ምሳ የሚሠራልዎ ማነው? ሲያምዎ ውሃ የሚያቀብልዎ አለ? የሚተኙት ሱቁ ውስጥ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ እናቴ አይደለችም። መመለስ ካልፈለጉ ዝም ይበሉ። ውሸት ግን አይጻፉልኝ።

ደብዳቤያችንን በአውቶቡስና በመርከብ በሚያመላልሰው ሰው እጅ የሥጋ ሬንዳንግ ልኬያለሁ። በደንብ የደረቀ ነው፣ ወር ይቆያል። ለማንም አያካፍሉ።

ዴስሚራ


ሰረምባን፣ ጁላይ 4

ዴስሚራ

ሰላምታ የለኝም።

ትናንት ከኩዋላ ላምፑር አሥራ አንድ ሴቶች በሚኒባስ መጡ። እኔ መጥረጊያ ይዤ ደረጃው ላይ ነበርኩ። አንዷ «እሳቸው ናቸው! እሳቸው ናቸው፣ ጽሑፉን እዩት!» ብላ ጮኸች። ስልኳን ግድግዳ ላይ ከለጠፍኩት ማስታወቂያ ጎን ያዘችው። ስልኩ ላይ ስለ ዳክዬ የጻፍኩት ነበር፣ ግድግዳው ላይ ስለ ጫማ የጻፍኩት። ያው እጅ፣ ያው ቁጣ። ለካ አንዱ ሰጋጅ ማስታወቂያውን ፎቶ አንስቶ ገጽሽ ላይ «ይህን የጻፉት የእኛ መስገጃ ቤት ጠራጊ አይደሉም እንዴ?» ብሎ ለጥፎታል።

«አባባ፣ እባክዎ ይስደቡን» አሉኝ።

«ለምን?»

«ለቪዲዮ።»

ሰደብኳቸው። የማውቀውን ሁሉ ነው ያወረድኩባቸው። እየሳቁ አመሰገኑኝ፣ አንዷ ማንጎ ሰጠችኝ። ኢማሙ በመስኮት ያይ ነበር።

እንግዲህ አወቅሽ። ያወቅሽውም ዛሬ አይደለም፣ የሜይ ደብዳቤሽ አሁን ነው የገባኝ። ሱቅ የለኝም። ሱቁ ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መስገጃ ቤት እጠርጋለሁ፣ ከኋላው ባለችው ክፍል እተኛለሁ። ማሳው እንዲያዝ የፈረምኩት ደንቡን አስቤ አይደለም፤ አንዲት ቆርቆሮ መግዛት አቅቶኝ ነው። እኔ ከመንደሩ ስወጣ ከበሮ ተመትቶልኛል። የእኛ ወንድ በሰው አገር ሠርቶ ይመለሳል፣ ካልሆነለት ደግሞ ዝም ብሎ ይጠፋል። እኔ በሥርዓት ጠፍቼ ነበር። አንቺ ቆፍረሽ አወጣሽኝ፣ ገበያ መሀል አቆምሽኝ፣ ልብሴን ገፈፍሽኝ። አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ በማንጎ ተሸኘሁ።

ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።

ባህሩም


ኮቶ ሲላሲያህ፣ ጁላይ 28

ለተከበሩ ማማክ ባህሩም

እርስዎ ሰላምታ ቢነሱኝም እኔ አልነሳዎትም። አሰላሙ ዐለይኩም። አትጻፊ ብለዋል፤ ትእዛዝ አለመስማት በእናቴ በኩል የወረስኩት ነው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። የሰውየውን አስተያየት ያየሁት ሜይ 19 ነው። ወዲያው ሰረዝኩት። ግን አርባ ደቂቃ ቆይቶ ነበር፣ ለዚያ ቦታ ደግሞ አርባ ደቂቃ ብዙ ነው። የሰው ጽሑፍ ሳላስፈቅድ ማውጣት አልነበረብኝም። ይቅር ይበሉኝ። ይኸው፣ ጠየቅኩ።

አሁን የእኔን ይስሙ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እናቴ ድስት ራስጌዋ አድርጋ ስትተኛ እርስዎ ባሕር ማዶ ባለሱቅ ሲጫወቱ ነበር። «የለኝም» የምትል አንዲት ቃል ከአፍዎ ከምትወጣ የአያቴ ማሳ ለሐጂ ሙንቻክ ቢሄድ መረጡ። ይህንን ነው የምንቀው ማማክ፣ መጥረጊያውን አይደለም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በአሥራ አንድ ሴቶች ሳቅ አላፍርም፤ በዚያ ፊርማ ነበር የማፍረው።

ደግሞስ የሚያሳፍርዎ ምኑ ነው? የእኛ ወንዶች የት ነው የሚተኙት? ቤቱ የሴቶቹ ነው። ወንድ ልጅ ነፍስ ሲያውቅ መኝታው መስገጃ ቤት ነው፤ ሚስት የሌለው ሽማግሌም ተመልሶ እዚያው ነው የሚገባው። መንደርዎ ቢኖሩም የሚተኙት መስገጃ ቤት ነበር! ባሕር ተሻግረው የሰው ከሚጠርጉ የራስዎን ቢጠርጉ ምን ይቀርብዎታል? የእኛ መስገጃ ቤት ደረጃ ላይ የሚከመረውን ጫማ ቢያዩት ያብዱ ነበር። የሚሰድባቸው አጥተው እኮ ነው።

ለእናቴ ነገርኳት። ባቄላ እየለቀመች ነበር።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ለዒድ ጨርቅ መላክ ካቆመ ዘጠኝ ዓመቱ አይደል? ወንድሜ ካለው አይሰስትም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ባለሱቅ ነኝ ማለት ደስ ካለው ይበል፣ እኔ ምን ቸገረኝ? ቢመጣ ሩዝ አለ» አለችና ባቄላዋን መልቀም ቀጠለች።

የፈረሙትን ወረቀት እሳት ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ማሳው የእኛ ነው። የቀረውን ጣሪያ የመጪው ወር ሽያጭ ይጨርሰዋል። ዳክዬ ቤቱ ይገባል ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት፤ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ምስክር አለኝ።

ዴስሚራ


ኮቶ ሲላሲያህ፣ ኦክቶበር 11

ለተከበሩ ማማክ ባህሩም

አሰላሙ ዐለይኩም። ሁለት ወር ከግማሽ ዝም አሉ። ደብዳቤዬ ደርሶዎት ይሆን ብዬ የአውቶቡሱን ሰው ጠየቅኩት፤ «በእጃቸው ሰጥቻለሁ፣ ሰደቡኝም» አለኝ። ስለዚህ በሕይወት አሉ።

ስለ እርስዎ ገጼ ላይ ምንም አልለጥፍም። ያንን ምዬ ተውኩ። ሰዎቹ «የተናደደው ማማክ የት ሄዱ?» ይሉኛል፤ «መንገድ ላይ ናቸው» እላቸዋለሁ። እባክዎ ውሸታም አያድርጉኝ።

ጣሪያው አልቋል። እናቴ ድስቱን ወደ ማጀት መልሳ ሾርባ ሠራችበት። የጣሪያውን ፎቶ ለጥፌዋለሁ፣ እርስዎ ባያዩትም።

ዴስሚራ


ሰረምባን፣ ኖቬምበር 6

ለእህቴ ልጅ ለዴስሚራ

ወዐለይኪ ሰላም፣ የባለፉት ሁለት ደብዳቤዎችሽን ሰላምታ ጨምሮ። አላህ የእናትሽን ጉልበት ይጠግን።

ስለ ፊርማው የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። ልክ ነሽ። ሁለተኛ አታንሺብኝ።

ገጽሽን አላይም። መስገጃ ቤቱ ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ግን ታያለች፤ ሻዬን ስጠጣ ስልኳ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ዓይኔን ልጨፍን አልችልም። ሻይ የምጠጣው በቀን ሁለቴ ነው። ሰሞኑን ሦስቴ ሆኗል።

ጣሪያውን አየሁት። የትኛው ደንቆሮ ነው ያለበሰልሽ? ከግራ በሦስተኛው ረድፍ የላይኛው ቆርቆሮ ከታችኛው ሥር ገብቷል። ከላይ ነው መደረብ ያለበት! የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ተንደርድሮ እዚያች ክፍተት ይገባና ቀጥ ብሎ እናትሽ ራስጌ ላይ ይወርዳል። ከፎቶው ሥር ሦስት ሺህ ሰው ወዶታል ይላል። ሦስት ሺህ ሰው አይቶት አንድ ሰው ልብ አላለውም! ይኸው ነው ወዳጅ ያልሽው ሕዝብ። ልብ፣ አበባ፣ ጭብጨባ ልከውልሻል። አንዱ እንኳ «ያፈስብሻል» አላለሽም።

ሠራተኛውን መልሰሽ እንዳትጠሪው፣ ሌላም እንዳትቀጥሪ። ጣሪያው ላይ እኔ እወጣለሁ። የፊታችን ረቡዕ ከፖርት ዲክሰን በመርከብ ወደ ዱማይ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ኢማሙን ተሰናብቻለሁ፤ ማስታወቂያውን አትንቀለው አለኝ። ይዤ የምመጣው መዶሻ ብቻ ነው።

ከበሮ እንዳትመቱ። ስልክ ደግኖ የሚጠብቀኝ ሰው ካየሁ ከአውቶቡሱ ሳልወርድ እመለሳለሁ። ለእህቴ ሩዙን ብዙ እንዳታበስለው ንገሪያት፣ ሁልጊዜ ታበላሸው ነበር። እንግዳ ይመጣል ብላችሁ ደግሞ የመስገጃ ቤቱን ደረጃ እንዳትጠርጉት። ጫማውንም ማንም አይንካው፤ መጥቼ ራሴ አነሳዋለሁ።

ባህሩም